አገር ቤት ለለቅሶ ብቻ አይደለም

አዲስ አበባ የተወለዱ ልጆቻችንን «የአያቶቻችሁን አገር ታውቁታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ «አዎ፣ አንድ ጊዜ ሄደናል» ይላሉ። መቼ? «እማማ የሞቱ ጊዜ።» ሌላው ደግሞ «ለአባባ ተዝካር» ይላል። ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው፣ ጥቁር ከለበሱ አዋቂዎች መሐል ተሸጉጠው፣ ሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፉ ደርሰዋል። ድንኳን አይተዋል፤ ሙሾ ሰምተዋል፤ የማያውቋቸው ሰዎች አቅፈው እያለቀሱ ስመዋቸዋል። በማግስቱ «ሥራ አለብን» ተብሎ ተመልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ስለ መንዝ፣ ስለ ቀየት፣ ስለ ግሼ ወይም ስለ መርሐ ቤቴ ስናወራ የእኛ ዓይን የሚበራውን ያህል የልጆቻችን ለምን እንደማይበራ ይገርመናል። እኛ የምናስታውሰው የባቄላ እሸቱን፣ የገና ዱላውን፣ ከበግ ኋላ የሮጥንበትን ሜዳ ነው። እነሱ የሚያስታውሱት ድንኳኑን ነው።

የዚህ ወር ጨዋታችን በዚህ ላይ ይሁን። ቤተሰብ ይዞ ከከተማ መውጣት ሲታሰብ ቶሎ ትዝ የሚለን ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ነው። ኪሱ የፈቀደለት ዛንዚባርን ያስባል። ክፋት የለውም፤ ልጆች ውሃ ይወዳሉ፤ ወላጅም አልጋ አንጥፎ፣ ቁርስ አቅርቦ የሚጠብቀው ሲያገኝ ያርፋል። ነገር ግን እዚያ ልጃችን ደንበኛ ነው። በአያቱ አገር ግን ማን እንደወለደው የሚታወቅ፣ በአባቱ ስም የሚጠራ፣ ከማዕዱ ዳር ቦታ የተያዘለት የቤት ልጅ ነው። ይህን ቦታ በለቅሶ ቀን ብቻ እያየ እንዲወደው መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳይሞት፣ አገር ቤት እንሂድ።

ቀኑን መምረጥ

ለቅሶ ቀኑን ራሱ ይመርጣል፤ ደስታ ግን እኛ ካልመረጥንለት ያልፋል። ደግነቱ የአገር ቤት የደስታ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ትኬት አይቆረጥለትም፤ ማስታወቂያ አይነገርለትም፤ ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ተጽፎ ይጠብቀናል።

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 28። በከተማ ገና ዶሮና ባለ መብራት ዛፍ ሆኗል። በገጠር ግን ገና የጨዋታም ስም ነው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፍለው፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው፣ ሩር የምትባለውን ድቡልቡል ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ኳስ እየመቱ ሜዳውን ያካልላሉ። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳው ወሰን ስምምነት ነው። በዚያ ቀን ባለ ሀብቱም ድሃውም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም እኩል ይጋፋል፤ ተመታሁ ብሎ መቀየም ነውር ነው። ትንንሾቹን ከዳር አቁሟቸው፤ ሩሯ ስትወረወር ሰው አትመርጥም። አሥር ዓመት ያለፈው ልጃችሁ ግን ዱላ ይያዝ። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲያይ ያደገ ልጅ የአያቱ አገር የራሱ ጨዋታ እንዳለው የሚያውቀው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ጥምቀት ደግሞ አለ። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው ይህ በዓል በጃን ሜዳ ምን እንደሚመስል ልጆቻችን ያውቃሉ፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ የሚያዩት ግን የፊታቸውን ሰው ጀርባ ነው። በገጠር የአካባቢው አድባራት ታቦታት ጥር 10 በከተራ ከየደብራቸው ወጥተው በአንድ ወንዝ ዳር ይገናኛሉ፤ እዚያው ያድራሉ። ልጅ ከቀሳውስቱ አጠገብ ሆኖ ጸናጽሉን ይሰማል፤ ጥር 11 ጎሕ ሲቀድ ውሃው ሲባረክ ያያል፤ ሲረጭም ይደርሰዋል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ለሁለተኛ ቀን ጭፈራው ይቀጥላል።

እነዚህ ሁለቱ ካልተመቹ የደብሩን ንግሥ ጠይቁ። የአያታችሁ ደብር ሚካኤል ከሆነ ኅዳር 12፣ ገብርኤል ከሆነ ታኅሣሥ 19፣ ጊዮርጊስ ከሆነ ሚያዝያ 23፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ መጋቢት 27 አገሬው ሁሉ ከአንድ ቦታ ይገኛል። ከታቦቱ ኡደት በኋላ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ ያኮረፈው የሚታረቅበት ቀን ነው። በአንድ ንግሥ ላይ ልጃችሁ የሚተዋወቃቸውን ዘመዶች ለየብቻ ልጎብኝ ብትሉ አንድ ክረምት አይበቃችሁም። ጥር ከሆነ ደግሞ የሰርግ ወር ነውና አንዱ የአጎት ልጅ ሳያገባ አይቀርም።

ከሁሉም ቀላሉ የገበያ ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ብር ስጡትና አንድ ነገር ተከራክሮ እንዲገዛ እዘዙት፦ የገብስ ቆሎ፣ እንቁላል ወይም ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብ። ዋጋ በማይቆረጥለት ገበያ አሥር ደቂቃ መከራከር ስለ ሰውም ስለ ገንዘብም የሚያስተምረው ብዙ ነው። ከዚያ የበጉን ተራ አሳዩት። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ድፍን ያለ ነው። ሴቶቹ ያንን ጠጉር በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ተሸምኖ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ማታ ልጃችሁ የሚለብሰው ባና ቀን ያየው በግ ጠጉር መሆኑን ሲያውቅ ብርድ ልብሱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለልጅ ሥራ ስጡት

«ልጆቹ ይሰለቻሉ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እውነት ነው፤ አዋቂ ሲያወራ ተቀምጦ የሚሰማ ልጅ ይሰለቻል። የአገር ቤት ልጅ ግን ሲሰለች አይታይም፤ ምክንያቱም ሥራ አለው። ስለዚህ ልጃችሁን ተመልካች አድርጋችሁ አትውሰዱት። ካሜራ ከመስጠታችሁ በፊት ሥራ ስጡት።

አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው እንቁላል ይልቀም፤ ጠቦት ይያዝ። ስምንትና ዘጠኝ የሞላው ከእኩዮቹ ጋር በግ ይጠብቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሜዳ ከዋለ ማታ የሚተርከው አያጣም። የአገሬው ልጅ የከተማውን ይስቅበታል፤ ይሳቅበት። በማግስቱ ደግሞ የእናንተው ልጅ የሚያውቀውን ያሳያል፤ እኩል ይሆናሉ።

ጎረምሳው ስልኬን አልለቅም ካለ ስልኩን ሥራ ስጡለት። አያቱ ፊት ይቀመጥና ዘር ይቁጠር፤ ድምፃቸውን ይቅዳ። «አያ፣ የአባትዎ አባት ማን ይባላሉ? የእሳቸውስ?» እያለ እስከ ሰባት ቤት ይውጣ። በእነዚህ ደጋማ አገሮች ዘር መቁጠር የጨዋታ ማሟያ አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሰው ርስቱን የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ነበር። እስከ ሰባት ቤት መቁጠርም ማን ከማን እንደማይጋባ ይወስናል። ዛሬ መሬቱ በዚያ መንገድ አይጠየቅም፤ የሰዎቹ ስም ግን የሚገኘው በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሲያልፉ ዝርዝሩ አብሮ ይቀበራል። በለቅሶ ቀን ደግሞ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ መልስ የሚሰጠው ሰውም በሳጥን ውስጥ ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ኖሮ፣ ያየውንና የሰማውን ይዞ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ለዚያ ሲል ባሕር አቋርጦ መጥቷል። የእኛ ልጆች የሚጠበቅባቸው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ጓሳ፦ በሰማይ ያለች ደሴት

ከበዓሉ ማግስት አንድ ቀን ለጓሳ ተዉለት። ጓሳ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የሣር አገር ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ዙሪያቸው በእርሻና በቆላ የተከበቡትን እንዲህ ያሉ ከፍተኛ ቦታዎች «የሰማይ ደሴቶች» ይሏቸዋል። ስያሜው ልክ ነው። ለቀይ ቀበሮ ከጓሳ ውጭ ያለው እርሻ እንደ ባሕር ነው፤ ተሻግሮት የሚሄድበት የለውም። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር የትም አይገኝም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ጠዋት በማለዳ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ በጅባራውና በጭረንፌው መሐል አይጥና ፍልፈል ሲያድን ታዩት ይሆናል።

ልጆችን የሚያስቃቸው ግን ጭላዳ ነው። ሌሊቱን በገደል አፋፍ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ሌላው ዝንጀሮ ፍራፍሬ ሲፈልግ እሱ ሣር ይግጣል፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ፣ ቦታ ሲቀይርም ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንሸራተተ። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ልጆቹ ራሳቸው አይተው ይንገሯችሁ።

ስለ እንስሳቱ ካወራችሁ በኋላ ይህ ሣር እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ንገሯቸው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል፤ ለከብትም መኖ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ነገር ቶሎ ያልቃል። የመንዝ አባቶች ይህን አውቀው በአገሩ አጠራር ቄሮ የሚባል ሥርዓት አበጁ፤ ዕድሜው ወደ 400 ዓመት እንደሚጠጋ ይነገራል። በአባቶቻቸው በአስቦና በጌራ የተከፈሉት ባለ መብቶች አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመርጣሉ። ሣሩ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ አንዳንዴም 3፣ አንዳንዴም 5 ዓመት። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ቀን ተቆርጦ ይነገራል። በዚያ ቀን አገሬው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ቀኑ ሳይደርስ የገባ ይቀጣል።

የ1967ቱ አዋጅ ይህ ሥርዓት የቆመበትን የመሬት ይዞታ ሲያስቀር ጓሳም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን አልተወውም፤ በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ መጠበቁን ቀጠለ። ልጆቻችን ይህን መስማት አለባቸው። ጭላዳውና ቀበሮው ዛሬ ያሉት ሥራ የሚበዛበት፣ ኑሮ የከበደው ገበሬ አንድ ቀን ተስማምቶ ያንን ቀን ስላከበረ ነው።

ወደ ጓሳ ስትገቡ ከአካባቢው ሰዎች አንዱን አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ። የቤት ውሻችሁን ደግሞ በጭራሽ ይዛችሁ አትምጡ፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ለቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላቱ ነው።

እንግዳ ስንሆን

በለቅሶ ጊዜ ጎረቤት እንጀራውንም ወጡንም ይዞ ይመጣል፤ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል። በደስታ ስትሄዱ ግን ወጪው በአንድ ቤት ላይ ያርፋል። «ምንም አትድከሙ» ብትሉም አይሰማም። እንግዳ መጣ ተብሎ በግ ይታረዳል፤ በጉ ለዘር የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ «ለበዓሉ መዋያ» ብላችሁ የበጉን ዋጋ በሰው ላኩ። ስትሄዱ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጤፍ ይዛችሁ ግቡ፤ ለደብሩም ጧፍና ዕጣን። በመንገድ ላይ ለሚሮጡ ልጆች ከመስኮት ከረሜላ አትወርውሩ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ካላችሁ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ስጡ።

ልጆቹንም ከቤት ሳትወጡ አዘጋጁ። ትልቅ ሰው ሲያገኙ ጎንበስ ብለው ጉልበት ይሳሙ፤ «እደጉ፣ ተመንደጉ» የሚለው ምርቃት የሚገኘው በዚያ ነው። ቤቱ ይጨሳል፤ እንጨት በማይገኝበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነውና። «ይሸታል» ከማለታቸው በፊት ምክንያቱን ይወቁ። ምግብ ሲቀርብ አይጠየፉ፤ ሆድ የማይችለው ካለ እናት በዘዴ ታንሳላቸው። ሽንት ቤቱ ምን እንደሚመስል ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ግማሹ ልቅሶ ይቀራል። በነቢያት ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ከሄዳችሁ ለልጆቹ የያዛችሁትን ወተትና እንቁላል በአደባባይ አትብሉ፤ በዚያ አገር ጾም ይከበራል።

ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ አስፈቅዳችሁ አንሱ። አያታችሁ የሚወዱት ግን በሚቀጥለው ዓመት አትማችሁ የምታመጡላቸውን ፎቶ ነው። ይህም የመመለስ ቃል ነው።

ስንቅና መንገድ

ወደ መንዝ የሚሄደው ደብረ ብርሃንን 130 ኪሎ ሜትር ላይ አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ይወጣል። ወደ መርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ የሚሄደው በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ ይሻገራል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የሚያስመልሰው ልጅ ካላችሁ ከፊት አስቀምጡት። አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ማደር ለሰውነትም ጥሩ ነው፤ ከፍታውን ቀስ ብሎ ይለምዳል። የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹ አይሩጡ፤ ውሃ ይጠጡ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትውጡ።

ብርዱን አትናቁት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣና ቅባት አይረሳ። የእጅ ባትሪና ቀላል የሕክምና ዕቃ በቦርሳ ይኑር።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም በቦታው ካለ ዘመድ ጠይቁ። «ቆዩ» ካሉ ቆዩ፤ የዘንድሮው ገና ቢያልፍ የሚያዝያው ጊዮርጊስ አለ። መንገዱ እስኪመቻች አያቶቹን ወደ ከተማ አምጥቶ አንድ በዓል ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ማሳለፍም ይቻላል።

አገር ቤት ዘመድ የሌለው አንባቢ «እኔስ?» ይል ይሆናል። የሥራ ባልደረባችሁን ጠይቁ፤ «ለንግሥ አብረን እንሂድ» ቢባል ደስ የማይለው ሰው አይገኝም። በጓሳም ኅብረተሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ የምትከፍሉት ገንዘብ ሣሩን ለሚጠብቁት ይደርሳል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የቀን መቁጠሪያውን አውርዱና አንድ ቀን አክብቡ። ከዚያ ስልክ ደውሉ። «ልንመጣ ነው» ስትሉ አያት መጀመሪያ የሚደነግጡት ድንጋጤ አለ፤ እስከ ዛሬ ሳንጠራ የመጣነው ለክፉ ብቻ ነበርና። «ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?» ይላሉ። ቶሎ መልሱላቸው፦ «ማንም አልሞተም፣ እማማ። ልጆቹን ይዘን ለገና ልንመጣ ነው።»